ጣት ያለው ዓሣ

ናዝሬት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለቀነዓ ገመዳ፣ ሌኒንግራድ

አካም ጅርታ? ያለህበት አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይላሉና ጤናህ እንዴት ነው? እኛ የሁሉ ጌታ ይመስገንና በሕይወት አለን። ጌታን ማመስገን እኔ አልተውኩም። አንተ ከደብዳቤህ ካወጣኸው ሁለት ዓመት አለፈህ፤ ለፖስታው ከብዶ ይሆናል።

የዓሣ አጥንት ለመማር ስድስት ዓመት ሰው አገር መቀመጥ ምን ይባላል እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ እንደኖርኩ ሰምተሃል። ወንጂ ድረስ ሄጄ ለአባትህም ነግሬዋለሁ። ከአዋሽና ከሸንኮራ ቦይ ሌላ ውሃ ሳያይ ያደገ ልጅ የባሕር አውሬ ሐኪም ልሁን ሲል ያላሳቀው ሰው የለም። አሁን ግን ጉዳይ ገጠመኝ። ከአንተ ሌላ የሚያውቅልኝ ሰው ስላጣሁ ነው ሳልወድ የምጽፍልህ።

ባለቤቴ ኢተፋ ከአሰብ ጭኖ በተመለሰ ቁጥር ቤት የማይገባ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለህ። ባለፈው ሰኔ ባሕሩ ዳር ላይ ከተፋው የሞተ ዓሣ ነባሪ አንዱን ክንፍ ቆርጦ፣ በከረጢት ጠቅልሎ አመጣ። የሠፈሩ ውሻ በሙሉ አጥራችን ሥር ተሰበሰበ። “ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ” አልኩት። ሥጋው እስኪያልቅ ጓሮ ይቆይ አለና አጥንቶቹ እንዳይበታተኑበት በሽቦ አስሮ ቀበረው። ቅበረው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህንን ለቀበሌም ተናግሬ የሰማኝ የለም።

በመስከረም የጽዳት ዘመቻ ተብሎ በየግቢው የቆሻሻ ጉድጓድ ሲቆፈር ያ ነገር ወጣ። ክንፍ ብዬ የማውቀው ሥጋው አልቆ በሽቦ የታሰረ ባለ አምስት ጣት እጅ ሆኗል። አሳምነው የሚባለው ሊቀመንበራችን፣ ትናንት የእህል መጋዘን ዘበኛ የነበረ ሰው፣ አጥንቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ “የማን እጅ ነው?” አለ። ኢተፋ “የዓሣ ነው” አለው። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። “ዓሣ መቼ ነው ጣት ያወጣው?” ብለው ወሰዱት። ለጥያቄ ከተወሰደ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። አብዮቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋልና ትክክል ነው።

እንግዲህ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። “ይህ አጥንት የዓሣ ነባሪ ነው” ብለህ ፈርመህ ላክልኝ። አጥንቱን እንዳየሁት በእርሳስ ስዬ አያይዣለሁ።

አክስትህ ሻሼ


ሌኒንግራድ፣ ኅዳር 24 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሻሼ

የናፍቆት ሰላምታዬ ከዚህ ከበረዶው መሐል ተነሥቶ ባሉበት ይድረስዎ። እኔ ትምህርቴንም ጤናዬንም ደህና ይዣለሁ።

ሥዕልዎ ደርሶኛል። መጀመሪያ ሹካ የሳሉ መስሎኝ ነበር፤ ደብዳቤውን ሳነብ ነው እጅ መሆኑ የገባኝ። የጋሼ ኢተፋ ነገር በጣም አሳዝኖኛል። ነገር ግን ካለማወቅ የመጣ ችግር ስለሆነ በማወቅ ይፈታል ብዬ አምናለሁና ትንሽ ላስረዳዎ።

ጋሼ ኢተፋ “የዓሣ ነው” ማለታቸው ከባድ ስሕተት ነው። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። የእኛ ሰው ውሃ ውስጥ ያየውን ሁሉ ዓሣ ብሎ ስለሰየመ ዓሣ አይሆንም፤ እዚህ አገር ይህንን የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ዓሣ ነባሪ ደሙ ሙቅ ነው፣ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል። ክንፉ ከላይ ሲያዩት መቅዘፊያ ይመስላል እንጂ ከቆዳው ሥር ክንድም አምስት ጣትም እንደ እኛው አለው። ስለዚህ አጥንቱ ጣት ያለው መሆኑ ሊያስገርማቸው አይገባም ነበር።

የጠየቁኝን አንድ መስመር ግን መጻፍ አልችልም። የዓሣ ነባሪ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሰው በእርሳስ በሳለው ሹካ ላይ ተመሥርቼ ብፈርም ፕሮፌሰሬ ከክፍል ያስወጡኛል። ዓይነቱ የሚታወቀው በራስ ቅሉና በጥርሱ ነው። ጋሼ ኢተፋ ጭንቅላቱን የት አደረጉት? ቢያንስ መንጋጋውን ያገኙ እንደሆነ ጥርሱን ቆጥረው ይጻፉልኝ፤ ጥርሱ ክብ ይሁን ጠፍጣፋ፣ ከፊት ብቻ ይብቀል ወይስ እስከ ኋላ ይሂድ፣ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ግምት አይላኩልኝ።

ጋሼ ኢተፋን ሰላም ይበሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ቀነዓ


ናዝሬት፣ ጥር 6 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለአቶ ቀነዓ ገመዳ፣ የዓሣ ነባሪ ጠበቃ

ሰላምታ ብልክልህ ከልቤ ስላልሆነ ይቅር። ጌታ ግን ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ገና የምፈልግህ ጉዳይ አላለቀም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ተከፍቶ ነው። የእኛ ሠፈር ፖስታ በቀበሌ በኩል እንደሚያልፍ አባትህ አልነገረህም? አሳምነው በእሑድ ስብሰባ ለሕዝብ አነበበው። በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። “ተጠያቂው ዓሣ ነው ብሏል። የገዛ ዘመዱ፣ በሶሻሊስት አገር የተማረ ሳይንቲስት፣ ዓሣ አይደለም ብሎ በእጁ ጽፏል። ጣቱም እንደ እኛው ነው ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንጠብቃለን?” አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ማን እንዳላጨበጨበ የሚመዘግብ ሰው ከፊት ተቀምጦ ነበር።

አየህ፣ አሳምነው ፊደል ከቆጠረ ሁለት ዓመቱ ነው። ኢተፋን ሦስት ወር ሙሉ ሊያስርበት የሚችል ቃል አጥቶ ሲዳክር፣ ከሌኒንግራድ ድረስ አዘጋጅተህ ላክህለት። ስድስት ዓመት ተምረህ ያደረግኸው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሹካ ነው ያልከውንም አንብቦታል፤ ሠፈሩ ውስጥ እስከ ዛሬ ወይዘሮ ሹካ እየተባልኩ ነው።

ማንም ሰው ዓሣ ነባሪ ምን ያጠባል ብሎ አልጠየቀህም። የተጠየቅኸው ሰው የሚያስፈታ ቃል ነበር። ያው ተምረሃልና ሌላ መንገድ ፈልግ። አጥንቱ የሰው አለመሆኑን ማንም ደደብ በዓይኑ አይቶ የሚያምንበት ነገር ካለህ ንገረኝ። መንጋጋው የት እንዳለ አላውቅም፤ ኢተፋን እንዳልጠይቀው አያገናኙኝም። ስንቅ ብቻ ነው የሚቀበሉኝ።

ከእንግዲህ በዚህ አድራሻ አትጻፍ። መተሐራ ሻይ ቤት ያለው የኢተፋ ወዳጅ መሐመድሰዒድ የራሱ ፖስታ ሣጥን አለው፤ ቁጥሩን ከጀርባ ጽፌዋለሁ።

ሻሼ


ሌኒንግራድ፣ የካቲት 17 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

እንደምን ሰነበቱ? ቁጣዎ በደህና ደርሶኛል።

የጻፍኩት ለእርስዎ እንጂ ለስብሰባ አልነበረም። አንድ የመጋዘን ዘበኛ ግማሹን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ግማሹን ቢተወው በእኔ ላይ መፈረድ የለበትም። እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ እንኳን የእኔ ደብዳቤ የማባዣ ሠንጠረዥም አደጋ ነው።

የሆነ ሆኖ የጠየቁኝ ቀላል ነው። ሰው አውራ ጣቱ ሁለት አንጓ፣ የቀሩት አራት ጣቶቹ ሦስት ሦስት አንጓ አላቸው። ከመዳፉ ወዲያ ያለውን ብቻ ይቁጠሩ። ይህ በዓለም ላይ ባለ ሰው ሁሉ እጅ እንዲሁ ነው፤ ሊቀመንበሩም የተለየ ነገር አያገኙም። የዓሣ ነባሪ መካከለኛ ጣቶች ግን ከሦስት ያለፈ አንጓ አላቸው፤ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። ሌላ የሚያጠባ እንስሳ እንዲህ ያለ ጣት የለውም። አጥንቱ ጠረጴዛ ላይ ካለ፣ ማንበብ የማይችልም ሰው መቁጠር አያቅተውም።

ስለ መንጋጋው አደራ። ፕሮፌሰሬ ከቀይ ባሕር የመጣ የዚህ ዓይነት አጥንት በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ዓይነቱን ለይቼ ካቀረብኩ ለመመረቂያ ጽሑፌ ትልቅ ነገር ነው። ነገሩ ሲረጋጋ አጥንቶቹን በሰው በኩል ሊልኩልኝ ይችሉ ይሆን? በሽቦው ባይጎዱ ጥሩ ነበር።

ቀነዓ


መተሐራ፣ መጋቢት 21 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለቀነዓ

ሰላም ለአንተ ይሁን። በሽቦው ባይጎዱ ጥሩ ነበር ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኢተፋ ስድስት ወሩን ጨረሰ፤ አንተ የምታዝነው ለዓሣው ነው።

ያልከኝን አድርጌያለሁ። በእሑዱ ስብሰባ እጄን አውጥቼ “ጓድ ሊቀመንበር፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ” አልኩት። ለሕዝቡ የሚነገር ምስጋና መስሎት ዘረጋ። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አውራ ጣት ሁለት። “እናንተም ቁጠሩ” አልኳቸው። አዳራሹ በሙሉ የገዛ ጣቱን ሲቆጥር ብታይ፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ዘብ የቆመው ጭምር መሣሪያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይቆጥራል። ከዚያ አጥንቱን አስመጣሁና ረጅሙን ጣት ቆጠርን። ስድስት። ቀጥሎ ያለው አምስት። ሰው ሁሉ “እህ” አለ። በልቤ ያን ቀን ብቻ አመሰገንኩህ።

አሳምነው አጥንቱን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሮ “ስድስት ለሦስት ሲካፈል ስንት ነው?” አለው።

“ሁለት ነው ጓድ።”

“በቃ። ሁለት ሰው ነው። የሁለት ሰው ጣት ነው በሽቦ ገጣጥሞ ያሰረው። በአንድ ሰው ነበር የጠረጠርነው፣ ጓድ ሻሼ ደግሞ ሁለተኛውን አጋለጡልን።”

እኔ እንደ አጋላጭ ተቆጥሬ ተጨበጨበልኝ። በማግሥቱ ኢተፋን ከቀበሌ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት አዛወሩት። እውቀትህ ከአሳምነው ማካፈል ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን እንግዲህ አየህ። አምስቱን ለሦስት ቢያካፍለው ምን ሊል እንደነበር ግን ማወቅ እፈልግ ነበር።

ያለፈውን ደብዳቤህን ሰው ነበር ያመጣልኝ፤ ዛሬ ይህንን ልጽፍልህ ራሴ ወደ መተሐራ ስመጣ መንጋጋው ተገኘ። መሐመድሰዒድ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰቅሎታል። “ኢተፋ ነው የሰጠኝ፣ ገበያ ያመጣል ብሎ” አለኝ። አሁን እዚያው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ወንበር ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፤ የሸንኮራ ሠራተኞች ሻያቸውን ይዘው አብረውኝ ቆጠሩ። በቀኝ ዘጠኝ፣ በግራ ዘጠኝ። ጥርሱ ክብ ነው፣ የአውራ ጣቴን ያህል ይወፍራል፣ ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ይሄዳል። መንጋጋው ርዝመቱ ሁለት ስንዝር ተኩል ነው። ግምት አይደለም።

ይህንን የላክሁልህ ለመመረቂያህ አይደለም። ወረቀት ፈርም። በወረቀቱ ላይ ደግሞ “ዓሣ” የሚል ቃል ይኑርበት። ኢተፋ ዓሣ ነው ብሏል፣ ቃሉ ዓሣ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ዓሣ ነው ብለህ ጻፍ፤ ሌላ ምንም አትጨምር።

ሻሼ


ሌኒንግራድ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ከብዙ ደስታ ጋር ነው የምጽፍልዎ። ዓይነቱን ለይቼዋለሁ።

ጥርሱ ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር፤ ከፊት ብቻ ቢበቅልም ሌላ ነበር። ክብ፣ ወፍራም፣ እስከ ኋላ የሚሄድ፣ በየወገኑ ዘጠኝ፣ ከጣቶቹ አንጓ ጋር ሲገጥም አንድ ዓይነት ብቻ ይቀራል። ፕሮፌሰሬ ራሳቸው ደብዳቤዎን ተርጉሜ ሳነብላቸው “ይህች ሴት ከብዙ ተማሪዎቼ ትሻላለች” አሉ። መርከበኞች ገዳይ ብለው የሚጠሩት ትልቅ ዓሣ ነባሪ አለ፤ ይህ እሱን ይመስላል እንጂ እሱ ስላልሆነ ሐሰተኛው ገዳይ ይባላል። የምስክር ወረቀቱን አዘጋጅቼ፣ ፕሮፌሰሬ ፈርመውበት አያይዣለሁ። “ወይዘሮ ሻሼ ግቢ የተገኘው አጥንት የሐሰተኛው ገዳይ መሆኑን አረጋግጠናል” ይላል።

ዓሣ ነው ብለህ ጻፍ ያሉኝን ግን አይጠይቁኝ። አክስቴ፣ እኔ ሌላ ሀብት የለኝም። ርስትም፣ ሱቅም፣ መኪናም የለኝም። ያለኝ ነገር ቢኖር ያየሁትን አጥንት ያየሁት ነው ብዬ መጻፌ ነው። አሳምነው ደስ ይለው ዘንድ ዓሣ ነባሪን ዓሣ ካልኩ፣ ከአሳምነው የምለየው በምንድን ነው? አዋቂ ሰው አንድ ጊዜ ዋሽቶ ከፈረመ ፊርማው የማን መሣሪያ እንደሚሆን አያውቅም። እውነቱን ይዘው ይታገሉ፤ በመጨረሻ ያሸንፋል።

ቀነዓ


መተሐራ፣ ሰኔ 8 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለቀነዓ

ወረቀትህን የመሐመድሰዒድ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ባሌ ሰው ገድሏል ተብሎ ታስሯል። አንተ ደግሞ ከግቢዋ ገዳይ ተገኘ የሚል ወረቀት ፕሮፌሰር አስፈርመህ ትልክልኛለህ። ሐሰተኛ የምትለዋ ቃል ታድነዋለች ብለህ ነው? ሐሰተኛም፣ ገዳይም ሆኖ እንዲቀርብ ነው?

አሁን በግልጽ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት የኢተፋን ሸሚዝ ለማጠብ ሰጡኝ። ሸሚዙ ከጀርባው አልላቀቅ ብሎ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ መጥቷል። ሦስት ውሃ ለወጥኩለት። እፈራለሁ ቀነዓ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። አንተ ርስት የለኝም፣ ሱቅ የለኝም ትላለህ። እኔ ያለኝ ይህ ሰው ነው፤ ቆሻሻ ከአሰብ የሚያመጣው ሰው። እውነት በመጨረሻ ያሸንፋል ብለህ የጻፍክልኝ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ ነው። መጨረሻው ለኢተፋ መቼ እንደሆነ ንገረኝ።

አሳምነው ከሰሞኑ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ለስልሷል። ቢሮው አስጠርቶኝ ወንበር ሰጠኝ። “ዓሣ ነው የሚል ወረቀት ከሶቭየት ኅብረት ይምጣልኝ፣ በማግሥቱ ይፈታል” አለኝ። ቃሉን ሳይቀር ነገረኝ። የኢተፋ ስም እንዳይነሣ፣ የእኔም ግቢ እንዳይጠቀስ፣ ቀንም እንዳይጻፍበት፤ ስማችን እንዳይበላሽ አስቦ ይመስለኛል። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ “በቀበሌው ክልል ከመሬት የወጡት አጥንቶች ተመርምረው የዓሣ እንጂ የሰው አለመሆናቸው ተረጋግጧል።” ማኅተም ይኑረው። የማንም ማኅተም ይሁን።

ይህንን ካላደረግህ የወንድሜ ልጅ አይደለህም። ለአባትህም እንዲሁ ብዬዋለሁ።

ሻሼ


ሌኒንግራድ፣ ሰኔ 30 ቀን 1971 ዓ.ም.

አክስቴ

ደብዳቤዎ ወደ አገር ቤት በሚመላለስ ሰው እጅ ስለመጣ ፈጥኖ ደረሰኝ፤ ወረቀቱንም በእሱው ልኬዋለሁ።

ፕሮፌሰሬ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንደማይፈርሙ ስለማውቅ አልጠየቅኋቸውም። ማኅተሙ በማደሪያችን አንሶላ የሚያድሉት ሴትዮ ማኅተም ነው። ከላይ በአማርኛ ያሉኝን ቃል በቃል ጽፌ ስሜን አስፍሬያለሁ። ከሥር የታተመው ሩሲያኛ ሁለት አንሶላና አንድ ብርድ ልብስ መረከቤን ይገልጻል። እንደማያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ።

አልመክርዎትም፣ አላስተምርዎትም። ጋሼ ኢተፋ ልጅ ሆኜ ሞጆ ድረስ በጋቢናቸው ሲወስዱኝ ያሳዩኝ የነበረው ደስታ ትዝ አለኝና ፈረምኩ። ስፈርም አፈርኩ። ከተፈቱ አንዲት ቃል ይጻፉልኝ፤ ስለ አጥንቱ ምንም መስማት አልፈልግም።

ቀነዓ


ናዝሬት፣ ነሐሴ 19 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለልጄ ለቀነዓ

ጌታ በሄድህበት ይከተልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ይህንን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ወዬሳ የሚባል ልጅ ነው፤ ለትምህርት ወደ እናንተ አገር እየመጣ ነው። ጫማው ውስጥ አድርጎ ነው የሚወስደው። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

ኢተፋ ቤቱ ገብቷል። ወረቀትህ የደረሰ ዕለት አሳምነው ከላይ እስከ ታች አየውና ማኅተሙን በጣቱ ዳበሰው፤ የአንሶላው ነገር የታወቀው አይመስለኝም። በማግሥቱ ኢተፋ በሁለት ሰው ተደግፎ መጣ። ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ መሪ የሚይዝበት ክንዱ ከትከሻው አይነሣም። አሰብ የሚባል ስም ሲነሣ ይወጣል። ቢሆንም ይበላል፣ ይተኛል፣ ስሜን ይጠራል። ስላደረግህልኝ ነገር እግርህን ብስም አይበቃኝም። ስሰድብህ የኖርኩትን ይቅር በለኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ስምህ ያለበት ነገር ነውና ማወቅ አለብህ።

በሐምሌው ዝናብ ከቀበሌው ወፍጮ ቤት ጀርባ ያለው ገደል ተናደ። አጥንት ወጣ። ትንሽ አይደለም ቀነዓ። የራስ ቅልም፣ ጫማም፣ የሹራብ ቁራጭም ነበረበት። ያንን ጉድጓድ አምና ማን እንዳስቆፈረው ሠፈሩ ያውቃል፤ በየሌሊቱ ምን ሲወርድበት እንደነበር የሰማነውን ሰምተናል። አሳምነውም ገደሉ መሸርሸሩን ከክረምቱ በፊት አይቶ ኖሯል። ሰው እየተሰበሰበ ሳለ መጣና ወረቀትህን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በሚስማር መታው። “በቀበሌው ክልል ከመሬት የወጡት አጥንቶች ተመርምረው የዓሣ እንጂ የሰው አለመሆናቸው ተረጋግጧል። ሌኒንግራድ። ቀነዓ ገመዳ።” ጮክ ብሎ አነበበው። ለምን የኢተፋ ስም እንዳይነሣ፣ ለምን ቀን እንዳይጻፍ እንዳለኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

በመስከረም ኢተፋ ዓሣ ነው ሲል የሳቀው ሰው ያን ቀን አንድም አልሳቀም። ሁሉም ወረቀቱን አይቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰዎቹ ከመበተናቸው በፊት አሳምነው ወደ እኔ ጠጋ አለ። “የሰው እጅ አፈር ውስጥ ከርሞ ምን እንደሚመስል የማላውቅ ይመስልሻል?” አለኝ በዝቅታ። “ባልሽ ያመጣው የሰው አለመሆኑን የወጣ ዕለት አውቄዋለሁ።” እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ማካፈል የማይችል ደደብ ነው እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ስንቀው ኖርኩ። የተናቅነው እኔና አንተ ነን። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ጥርስ ስቆጥር፣ አንተ መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ እሱ የሚጠብቀው ወረቀቱን ብቻ ነበር።

አንተ ፊርማዬ የማን መሣሪያ እንደሚሆን አላውቅም ብለኸኝ ነበር፤ ልክ ነበርክ። ቢሆንም አሁን ውሸት ነው ብለህ እንዳትጽፍ እለምንሃለሁ። ኢተፋን ይመልሱታል። ሁለተኛ ከገባ አይወጣም።

ትናንት ጎረቤቴ ጉዲቱ መጣች። ልጇን ኢፍቱን አምና በጥር ለጥያቄ ብለው ወስደዋት፣ ተዛውራለች እያሉ እስከ ዛሬ ያመላልሷታል። አስተማሪ ልትሆን ኮርስ ላይ የነበረች ልጅ ናት፣ አታውቃትም። ጉዲቱ በሩን ዘጋችና ነጠላዋን መሬት ላይ ዘረጋች። ከገደሉ ለቅማ ያመጣችው ነው፤ አጥባ፣ በየጣቱ ደርድራዋለች።

“ሻሼ፣ አንቺ ነሽ በስብሰባ መቁጠር ያስተማርሽን” አለችኝ። “እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። አንቺ ቁጠሪልኝ። ወይም ለወንድምሽ ልጅ ጻፊለት፣ እሱ ያውቃል።”

ቆጠርኩት። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። አውራ ጣቱ ሁለት። ትንሽ እጅ ናት።

ኢተፋ ከጓዳ ቆሞ ያየኝ ነበር። ጉዲቱ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች፤ እኔም ዓሣ ነው አልኳት።

አክስትህ ሻሼ